ጣሪያውን ከፍ አደረግሁት፣ ሰርቨሩ ግን አሁንም ይወድቃል

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የአንድ ድርጅት ዌብ አፕሊኬሽን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። በጃቫ የተሠራ ነው፣ ቶምካት በሚባለው የጃቫ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ከፊቱ ጥያቄዎችን ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት ኤንጂንኤክስ አለ። ሰርቨሩ ከረም ያለ ሊኑክስ ነው። በየሦስት ቀኑ ገደማ አፕሊኬሽኑ ቀጥ ይላል። ሎጉ ላይ መጀመሪያ የዳታቤዙ ሰርቨር ስም አልታወቀም ይላል፤ ከዚያ ‹ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ› የሚል መስመር ይደረደራል። ሪስታርት ሳደርገው ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ሊሚትስ ኮንፍ ውስጥ ገብቼ የሚከፈቱ ፋይሎችን ጣሪያ 65536 አደረግሁት። ተርሚናል ላይ ዩሊሚት ብዬ ስጠይቅም 65536 ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና ወደቀ። አለቃዬ ‹በየሌሊቱ በክሮን ሰዓት ተሞልቶለት ሪስታርት ይደረግና እንገላገል› ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ደግሞስ አፕሊኬሽኑ የሚነካው ከአሥር የማይበልጡ ፋይሎችን ነው። ብዙ ፋይል ከፍተሃል የሚለኝ የቱን ቆጥሮ ነው?
እንቅልፍ ያጣው ነኝ»

ወንድሜ፣

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያሳሳተህ «ፋይል» የሚለው ቃል ነው። ሊኑክስ ፋይል ሲል ዲስክ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ማለቱ ብቻ አይደለም። ከተጠቃሚው አሳሽ የመጣው ኮኔክሽን ፋይል ነው። ወደ ዳታቤዙ የሄደውም ፋይል ነው። ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ፓይፕም እንዲሁ። ፕሮግራምህ ከእነዚህ አንዱን በከፈተ ቁጥር ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ቁጥር ይሰጠዋል። 0፣ 1 እና 2 ገና ሲጀመር ለግቤት፣ ለውጤትና ለስህተት መልእክት ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ነጻ ከሆኑት ትንሹ ቁጥር ይሰጣል፤ ሲዘጋ ይመለሳል።

መግቢያ በር ላይ ለእንግዳ ባጅ የሚሰጥ ጥበቃ አስብ። ባጁ የተቆጠረ ነው። እንግዳው ሲወጣ ባጁን ካልመለሰ ግቢው ባዶ ሆኖ እንኳ ጥበቃው «ባጅ አልቋል፣ መግባት አይቻልም» ይልሃል። ከርነሉም እንደዚያው ነው። ፕሮሰሱ (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) ጣሪያው ላይ ሲደርስ የስህተት ቁጥር 24 ይመልስለታል፤ አንተ የምታየው መስመር የዚህ ትርጉም ነው።

ጃቫ ደግሞ ገና አንድ ተጠቃሚ ሳይመጣ የሚጠቀምባቸውን የኮድ ጥቅሎች (ጃሮች) ከፍቶ ይቀመጣል። ስለዚህ «አሥር ፋይል» ያልከው ከመነሻውም አሥር አልነበረም።

የዳታቤዙ ስም አልታወቀም ያለህም ከዚሁ የመጣ ነው። ስምን ወደ አድራሻ ለመቀየር ራሱ ሶኬት (የኔትወርክ ኮኔክሽን ጫፍ) መክፈት ያስፈልጋል። ባጅ ከሌለ ያም አይከፈትም፤ ፕሮግራሙም «ስሙን አላገኘሁትም» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ የተነሳ ኔትወርክ ክፍል ድረስ ሄዶ የተጨቃጨቀ ሰው አውቃለሁ። (እኔው ነኝ። ግማሽ ቀን አቃጠልኩባቸው።) ሎግ ላይ ቀድሞ የወጣው መስመር ሁሌ የመጀመሪያው ችግር አይደለም።

አሁን ወደ 65536 እንምጣ።

ያስተካከልከው ፋይል የሚነበበው ሰው ሎግኢን ሲያደርግ ነው። አንብቦ ሥራ ላይ የሚያውለው ፓም የሚባለው ክፍል ነው። አንተ በተርሚናል ስትገባ ፓም ያንን ፋይል አይቶ ጣሪያህን 65536 ያደርገዋል፤ ዩሊሚትም የነገረህ የአንተን ተርሚናል ጣሪያ ነው። አልዋሸህም፣ ግን ያልጠየቅከውን ነው የመለሰልህ። ቶምካትህን ማሽኑ ሲነሳ የሚያስጀምረው ሲስተምዲ ነው። እሱ በዚያ በር አያልፍም፤ የራሱ መዝገብ አለው። ከረም ባለ ሊኑክስ ላይ ሲስተምዲ ለሰርቪሶች የሚሰጠው ለስላሳው ጣሪያ 1024፣ ጠንካራው 4096 ነበር። ለስላሳው አሁን የሚሠራበት ነው፤ ጠንካራው ፕሮግራሙ ለስላሳውን ራሱ ከፍ ሊያደርግ የሚችልበት ወሰን ነው። ጃቫ ሲነሳ በራሱ ፈቃድ ለስላሳውን እስከ ጠንካራው ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ የአንተው ቶምካት 4096 ላይ ተቀምጧል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የአንተን 65536 ሰምቶት አያውቅም።

አንድ ወጥመድ እዚህ ጋ አለ። ቶምካቱን በእጅህ ከተርሚናል ብታስነሳው የተርሚናልህን ጣሪያ ይወርሳል፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ማሽኑ ሪቡት ሲደረግ ግን ሲስተምዲ ያስነሳውና ወደ ድሮው ይመለሳል። «ያኔ ሠርቶ ነበር እኮ» የሚባለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ዩሊሚትን እርሳውና ፕሮሰሱን ራሱን ጠይቀው። ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ቁጥር የተሰየመ ፎልደር አለ። የቶምካትህን ፎልደር ክፈትና ሊሚትስ የሚለውን ፋይል አንብብ። «ማክስ ኦፕን ፋይልስ» የሚለው መስመር ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛለህ፣ ለስላሳውና ጠንካራው። እውነቱ እሱ ነው።

ለመቀየር በሰርቪሱ የሲስተምዲ ፋይል ውስጥ፣ ሰርቪስ በሚለው ክፍል ሥር፣ ሊሚት ኖ ፋይል የሚለውን ሙላ። ዋናውን ፋይል አትንካ፤ በሲስተምሲቲኤል ኤዲት ተጨማሪ ፋይል ፍጠርለት፣ አለዚያ ፓኬጁ ሲሻሻል ሥራህ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግና ያንኑ የፕሮክ ፋይል እንደገና አንብብ። ሳታነብ «ተስተካክሏል» ብለህ ለአለቃህ እንዳትነግር።

ኤንጂንኤክስም የራሱ ጣሪያ አለው፣ እሱም በራሱ ኮንፊግ ውስጥ ይሞላል። አስታውስ፣ ኤንጂንኤክስ ከፊት ሆኖ ሲያስተላልፍ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ኮኔክሽን ይይዛል፦ አንዱ ወደ ተጠቃሚው፣ አንዱ ወደ ቶምካት። ሲሰላ እጥፍ ነው። አፕሊኬሽኑ ዶከር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጣሪያው ከዶከሩ ነው የሚመጣው፤ ኮንቴይነሩ ሲነሳ ካልተነገረው በቀር ውጭ ያደረግከው አይደርሰውም።

እሺ፣ ጣሪያው ደረሰለት እንበል። ተገላገልክ ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋር የማልስማማው።

ሒሳቡን እንሥራው። በሦስት ቀን ይወድቃል ብለሃል፤ የሚሞላው እኔ የጠረጠርኩት 4096 ነው እንበል። 65536 የእሱ 16 እጥፍ ነው። 3 ቀን በ16 ሲባዛ 48 ቀን። ባጅ የሚወስድና የማይመልስ ነገር ካለህ፣ የገዛኸው አንድ ወር ተኩል ሰላም ነው። በ48ኛው ቀን ሲወድቅ ይህን ደብዳቤ መጻፍህን ራሱ ረስተኸዋል፤ ምናልባትም ፈቃድ ላይ ነህ፣ ተረኛው ሌላ ሰው ነው። በየሦስት ቀኑ የሚወድቅ ሰርቨር ያናድዳል፤ በየወር ተኩሉ የሚወድቅ ግን ለመመርመርም አይመችም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ጣሪያውን ከማንሳት በፊት መቁጠር ነው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። በዚያው የፕሮሰስ ፎልደር ውስጥ ኤፍዲ የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር አንድ የተከፈተ ቁጥር ነው። በየአሥር ደቂቃው ስንት እንደሆኑ ቆጥሮ ከነሰዓቱ አንድ ፋይል ላይ የሚጽፍ ሁለት መስመር ስክሪፕት ክሮን ላይ አስቀምጥ። በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ስም ይሁን፣ ወይም ቶምካቱ በሚሠራበት ተጠቃሚ። የተከፈቱ ፋይሎችን በሚዘረዝረው በኤልኤስኦኤፍ ትዕዛዝ የምትቆጥር ከሆነ ተጠንቀቅ፤ እሱ ማህደረ ትውስታ ላይ የተጫኑ ላይብረሪዎችንና የሥራ ፎልደሩን ጭምር ስለሚዘረዝር ቁጥሩ ይጋነንብሃል።

ሁለት ቀን ጠብቅና ቁጥሮቹን ተመልከት። ቀን ላይ ተጠቃሚ ሲበዛ ወጥቶ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ ወደነበረበት የሚወርድ ከሆነ ችግር የለብህም፤ የጎደለህ ጣሪያ ነው፣ አንሳለት፣ በቃ። ሌሊትም የማይወርድ ከሆነ ግን ፍሳሽ አለ። ጃቫ ላይ ደግሞ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የተረሱ ፋይሎችን ቆሻሻ ሰብሳቢው (የማያስፈልገውን ማህደረ ትውስታ የሚያጸዳው የጃቫ ክፍል) አንዳንዴ ራሱ ይዘጋቸዋል፣ ቁጥሩም እንደ መጋዝ ጥርስ ይወጣል ይወርዳል። ያ «ወርዷል» ብለህ እንድትዘናጋ ያደርግሃል። ጫፉን ተወውና ዝቅተኛውን ነጥብ ተመልከት፦ የዛሬ ሌሊቱ ከትናንት ሌሊቱ ከፍ ብሎ ከሆነ እየፈሰሰ ነው። የአንተው በየሦስት ቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወድቅ ስለሆነ፣ ፍሳሽ ነው ብዬ ብወራረድ አልፈራም።

ምን እንደሚፈስ ደግሞ ራሱ ይነግርሃል። ኤፍዲ ፎልደሩን በዝርዝር አሳየኝ ስትለው ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ቀስት አለ፤ ከቀስቱ ማዶ ባጁን የያዘው ማን እንደሆነ ተጽፏል። የራሴን ልንገርህ። ድሮ የማስተዳድረው አንድ አፕሊኬሽን ተጠቃሚዎች የሚጭኑትን ፎቶ ያሳንስ ነበር። በየጊዜው ይወድቃል። ጣሪያውን ሦስት ጊዜ አነሳንለት፤ ሦስቴም ወደቀ። በመጨረሻ ተቀምጬ ዝርዝሩን አየሁት። ከቀስቱ ማዶ የፎቶ መጫኛው ፎልደር፣ እንደገና የፎቶ መጫኛው ፎልደር፣ ወደ ታች ስወርድ እንደገና እሱው። የፋይሎቹን ስም ይዤ አንድ በአንድ ልከፍታቸው ብል አንዱም አይከፈትም፤ ሁሉም የተበላሹ ፎቶዎች ናቸው። ኮዱ ፎቶውን ይከፍታል፣ ያሳንሳል፣ ይዘጋል። ፎቶው የተበላሸ ሲሆን ግን ማሳነሱ ላይ ስህተት ይወረውርና የመዝጊያዋን መስመር ዘሎ ይወጣል። ከብዙ መቶ ፎቶ አንዱ ብቻ ነው የሚፈሰው። ስንሞክረው ያላገኘነው ለዚህ ነበር፦ ለሙከራ የምንጭነው ደህና ደህናውን ፎቶ ነዋ!

ያንተም ተመሳሳይ የፋይል ስም ወይም ፎልደር ተደጋግሞ የሚታይበት ከሆነ መድኃኒቱ ይሄው ነው፤ መዝጋቱን ለሰው ትዝታ አትተወው። ጃቫ ከ7ኛው ቅጂ ከ2011 ጀምሮ በትራይ ቅንፍ ውስጥ የተከፈተን ነገር፣ ስህተት ቢፈጠርም ባይፈጠርም፣ ራሱ ይዘጋል። ያንን ተጠቀም። ፓይተን ላይ ዊዝ፣ ጎ ላይ ዲፈር ይኸው ሥራ አላቸው።

ከቀስቱ ማዶ ብዙ «ሶኬት» ከሆነ የምታየው፣ ኤስኤስ የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቅመህ ሶኬቶቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ እይ። «ክሎዝ ዌይት» የሚል ከበዛ ጥፋቱ የአንተ ኮድ ነው፣ ማንንም አታሳብብ። ትርጉሙ፦ ማዶ ያለው ሰው ስልኩን ዘግቷል፣ አንተ ግን እጀታውን ጆሮህ ላይ እንደያዝክ ቆመሃል። አብዛኛውን ጊዜ አፕሊኬሽኑ ሌላ ሰርቪስ ጠርቶ መልሱን ሳያነብ ወይም ሳይዘጋ ሲተወው የሚመጣ ነው። የማዶውን አድራሻና ፖርት ተመልከት፤ የትኛው ሰርቪስ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል፣ ኮድህ ውስጥ እሱ የሚጠራበትን ቦታ መፈለግ ነው። «ታይም ዌይት» የሚለው ግን ቢበዛ አይደንግጥህ። እሱን የያዘው ከርነሉ ነው፣ ከፕሮሰስህ ባጅ አይቀንስም። ሰዎች እሱን እያዩ የከርነል ቅንብር ሲነካኩ ያመሻሉ፤ ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም።

«ኢቨንት ፖል» የሚል ስም ተደርድሮ ካየህ ደግሞ፣ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ኤችቲቲፒ ክላይንት (ሌላ ሰርቪስ የሚጠራበት መሣሪያ) እየፈጠረ ነው ብለህ ጠርጥር። ክላይንቱ ሲፈጠር የራሱን የማዳመጫ ቁሳቁስ ይዞ ይመጣል። አንድ ተፈጥሮ ለሁሉም ማገልገል ነበረበት። ይህንን ስህተት የሚሠሩት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የቆዩ ሰዎች ኮድ ውስጥም ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ።

«ፓይፕ» ከበዛ አፕሊኬሽኑ ውጫዊ ፕሮግራም እያስነሳ ነው። ጃቫ ለአንድ ልጅ ፕሮሰስ ሦስት ፓይፕ ይከፍታል። «ዲሊትድ» የሚል ምልክት ያለበት ሎግ ከሆነ ደግሞ፣ ሎጉ ሲሽከረከር (አሮጌው ተነስቶ አዲስ ሲጀመር) የድሮው ፋይል ጠፍቷል፣ ፕሮሰሱ ግን ይዞታል። ይሄኛው ዲስክህንም በስውር ይሞላዋል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልጨምርልህ። ቆጥረህ ከጣሪያው በጣም የራቀ ቁጥር አግኝተህ፣ ስህተቱ ግን ያው «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ከሆነ፣ የሚያልቀው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የፋይል ለውጥ የሚከታተለው አይኖቲፋይ ለአንድ ተጠቃሚ የተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ በብዙ ማሽን ላይ 128። ሲያልቅ የሚመልሰው ያንኑ 24 ነው። መልእክቱ መጨረሻ ላይ «ኢን ሲስተም» የሚል ካለበት ደግሞ የሞላው የፕሮሰስህ ሳይሆን የመላው ማሽን ጣሪያ ነው፤ ያ የስህተት ቁጥር 23 ነው፣ እምብዛም አያጋጥምም።

ጣሪያው ስንት ይሁን ለሚለው፦ ደመር አድርገው። በአንድ ጊዜ ሊመጣ የሚችለውን ከፍተኛ ኮኔክሽን፣ የዳታቤዝ ፑሉን (ተከፍተው የሚጠብቁትን የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች)፣ ጃርና ሎጉን ደምርና ሁለትና ሦስት እጥፍ አድርገው። 65536 ለአንተ ዓይነቱ ይበቃል። «ለምን ወሰን አልባ አላደርገውም» እንዳትል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ልጅ ፕሮሰስ ሲያስነሱ ከ3 ጀምረው እስከ ጣሪያው ያለውን ቁጥር ሁሉ እየዞሩ ይዘጋሉ። ጣሪያው ከአንድ ቢሊዮን በላይ በሆነባቸው ኮንቴይነሮች ውስጥ በሰከንድ የሚነሳ ፕሮግራም ደቂቃዎች ሲፈጅ ታይቷል። ለነገሩ ሲስተምዲ ራሱ በ2018 መጨረሻ በወጣው 240ኛ ቅጂው ጠንካራውን ጣሪያ ወደ 524288 ሲያነሳ ለስላሳውን 1024 ላይ የተወው በምክንያት ነው፦ ሴሌክት የሚባለውን የድሮ ጥሪ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ከ1023 በላይ የሆነ ቁጥር ሲያጋጥማቸው ይበላሻሉ።

አለቃህን በተመለከተ ሰውየውን አትቆጣቸው። የሌሊት ሪስታርት የራስ ምታት ክኒን ነው፤ ለሁለት ሳምንት ዋጠው፣ ደንበኛም አይጉላላ። ግን አንድ ነገር አስገባላቸው፦ ክሮኑ ሪስታርት ከማድረጉ በፊት የኤፍዲ ፎልደሩን ሙሉ ዝርዝርና የኤስኤስ ውጤቱን ፋይል ላይ ይጻፍ። እስካሁን በየሦስት ቀኑ ሪስታርት ስታደርግ የነበረው እኮ ማስረጃውን ነው ስትጠርግ የከረምከው። እና ድንገት ቀን ላይ 4000 ደርሶ ብታገኘው ፒአርሊሚት በሚለው ትዕዛዝ፣ ሩት ሆነህ፣ እየሠራ ያለውን ፕሮሰስ ጣሪያ ሳታጠፋው ከፍ ማድረግ ትችላለህ። እስከ ማታ ያቆይሃል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ዝርዝር እጅህ ሲገባ ከቀስቱ ማዶ ያለውን ብቻ ቆርጠህ፣ የሚመሳሰለውን እየቆጠርክ ደርድረውና ከላይ ያሉትን አሥር መስመሮች ላክልኝ። የድርጅቱን አድራሻዎች ግን አጥፋቸው።